ከገንዘቡ በላይ የሰረቅኩት

«በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» የሚለው ተረት ትንሽ ሌብነት በሌባው ላይ እያደገ በሬ እንደሚያሰርቅ ያስተምራል። እኔ በልጅነቴ 10 ብር ከሰረቅኩ ወዲህ የሰው ገንዘብ አልነካሁም። ያች ሌብነት ያደገችው በሌላ ልጅ ሕይወት ላይ ነው።

በሰፈራችን ሱቅ ተቀጥሮ የሚሠራ፣ ከገጠር የመጣ፣ ማታ ማታ እዚያው ባንኮኒው ሥር አንጥፎ የሚተኛ እኩያዬ ነበር። አንድ ቀን ለደንበኛ የለስላሳ ሳጥን ሊያደርስ ሲወጣ «እስክመለስ ሱቁን እይልኝ» አለኝ። ለኳስ መግዣ የተጣለብኝን መዋጮ ከየት እንደማመጣ ጨንቆኝ ስለነበር ከመሳቢያው 10 ብር አወጣሁ።

ማታ ሒሳቡ ሲቆጠር ጎደለ። ልጁ ሱቁን ለእኔ ትቶ መውጣቱን ተናገረ። እኔ በእናቴ ስም ምዬ ካድኩ። የጎረቤት ልጅ ስለሆንኩ ታመንኩ፤ እሱ ደግሞ «በሰው ልጅ ታሳብባለህ?» ተብሎ ተሰደበ። ደመወዙ ሲደርስ ብሩ ተቆርጦበት ተባረረ።

አድጌ ለንስሐ አባቴ ስናገር ቀኖና ከመስጠታቸው በፊት «ሂድና ለባለቤቱ መልስ» አሉኝ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ዘኬዎስ በግፍ የወሰደውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ የተናገረውን አስቤ፣ ከዚያም አብልጬ ይዤ ሄድኩ። ባለሱቁ አርጅተዋል። ገንዘቡ ትዝ አላላቸውም፤ በ2013 ዓ.ም. የብር ኖቶች ሲቀየሩ ያ ዓይነቱ 10 ብር ራሱ ከገበያ ወጥቷል። ልጁን ግን አልረሱትም። «ያን ምስኪን ሌባ ብዬ አባረርኩት እኮ፣ ልጄ» ብለው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። የት እንደደረሰ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

ገንዘብ ከነወለዱ ይመለሳል። የሰው ስም የሚመለሰው ግን ሰውየው በተገኘበትና ስሙ በጠፋበት ሰው ፊት ነው። ለባለሱቁ እውነቱን መናገሬ ግማሹን ዕዳ ከፍሏል፤ ግማሹ በእኔ ላይ እንዳለ ነው። በልጁ ስም የምሰጠው ምጽዋትም ለእሱ የሚገባውን ይቅርታ አይተካም።

ዛሬም ቤት ውስጥ ወርቅ ወይም ገንዘብ ሲጠፋ ዓይናችን ቀድሞ የሚያርፈው በቤት ሠራተኛዋ ላይ ነው። ዘመድ ስለሌላት፣ ቃሏም ከልጆቻችን ቃል በታች ስለሚቆጠር ጥርጣሬያችን ፍርድ ይሆንባታል። እባካችሁ፣ ደመወዝ ከመቁረጣችሁና ከማባረራችሁ በፊት የምታምኑትንም ሰው ጠይቁ። የወሰዳችሁ ደግሞ በእናንተ ጥፋት የሚከሰሰው ሰው ከፊታችሁ ሳይርቅ ተናገሩ። የዚያን ጊዜው ውርደት ያልፋል፤ የንጹሕ ሰው ስም ይተርፋል።