አሳው የትም አይሄድም

ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ጃፓን ለትምህርት የሄደ አንድ የድሮ ተማሪዬ ለዕረፍቱ ያወጣውን የጉዞ ዕቅድ በቴሌግራም ላከልኝ። "ቲቸር፣ እስቲ ይዩልኝ" ይላል። ቶኪዮ፣ ኪዮቶ፣ ኦሳካ። በየከተማው ሦስት ነገር ጽፏል፦ የሚያየው ቤተ መቅደስ፣ የሚዞርበት ሰፈር፣ የሚበላው ምግብ። ኦሳካ ላይ ታኮያኪ የሚሉትን፣ ውስጡ ኦክቶፐስ ያለበት ድቡልቡል ጥብስ ይበላል። ኪዮቶ ላይ ደግሞ የቡድሃ መነኮሳት የሚመገቡትን፣ ሥጋም አሳም የማይገባበትን ምግብ። ከቶኪዮ ኪዮቶ በፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ ስለሆነ ቁርሱን እዚህ፣ ምሳውን እዚያ አድርጎታል።

እኔ ስለ ጃፓን ምን አውቄ ነው የማርመው? ዕቅዱን ግን ደጋግሜ አነበብኩት። ከዚያ ደብተር አወጣሁና ሦስት ዓምድ አሰመርኩ፦ ከተማ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ምግብ። ተጓዦቹ ሁለት ነን፤ እኔና እናቴ።

እናቴ ላሊበላ ተወልዳ፣ ላሊበላ ወልዳ፣ ከወልድያ ያለፈ አገር አላየችም። አገሩ ግን ወደ እሷ ሲመጣ ኖሯል። ለገና በእግሩ ቀናት ተጉዞ የመጣ እንግዳ ቤታችን ያድራል። እግሩን ታጥባለች፣ ያለውን ታቀርባለች፣ መኝታዋን ለቃ እሷ መደብ ላይ ትተኛለች። "እኛም አገር ነይና እግርሽን እንጠብሽ" እያሉ ተሰናብተው ሲሄዱ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ። አንድም ቀን አልሄደችም። አሁን ጉልበቷ እያስቸገራት ነው። አንድ ጊዜ እንኳ እሷ እንግዳ ትሁን፤ ሐሳቤ ይኸው ነው።

ዕቅዱን ላሳያችሁ። ከላሊበላ ባሕር ዳር ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው። ጋሸና ወጥተን፣ በንፋስ መውጫ አድርገን ማለት ነው። ጠንካራ ሰው በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። ለእናቴ ጉልበት ግን ደብረ ታቦር ላይ ማደር የግድ ነው። ማደራችን ካልቀረ ጋፋትን እናያለን፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፋቸውን ያሠሩበትን ቦታ።

በማግስቱ ወረታ ላይ ቆም እንላለን። እናቴ የፎገራን የሩዝ ማሳ እንድታይልኝ እፈልጋለሁ። እኛ ቤት ሩዝ ከሱቅ የሚመጣ ነገር ነው፤ ፎገራ ላይ ግን ከጤፍ ጋር ቀላቅለው እንጀራ ይጋግሩታል። ሩዙን በደርግ ጊዜ ካስተዋወቁት መካከል የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ነበሩበት። በኋላ ደግሞ እዚያው ፎገራ የሚገኘውን ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ጃፓኖች ደግፈውታል። ለተማሪዬ "አንተ ጃፓን ሄድክ እንጂ ጃፓን ወረታ ድረስ መጥታለች" ብዬ ጻፍኩለት።

ከዚያ ባሕር ዳር። ከጣና ገዳማት ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም፤ ስለዚህ ከዝርዝሩ ወጡ። በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ሄደን ዘጌ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት እንሳለማለን። ለላሊበላ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲባል በዓይኑ የሚመጣበት ከአለት የተፈለፈለ ነው። ኡራ ክብ ነው፣ መቅደሱ ዙሪያውን በሥዕል የተሞላ ነው፣ መንገዱም በቡና ጫካ ውስጥ ያልፋል። የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ሰረዝኩት፤ በበጋ ውኃው ይሳሳል።

መጨረሻ ጎንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1636 ፋሲለደስ የቆረቆሯትን ከተማ ከነግንቦቿ እናያለን። የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ፣ ያን ሁሉ የመላእክት ፊት ቀና ብላ እንድታይ እፈልጋለሁ። ከተገኘ ደግሞ ኮረፌ ትቀምሳለች። ከላስታ ጠላ ጋር አወዳድራ የምትሰጠውን ፍርድ ከአሁኑ አውቀዋለሁ።

ምግብ ካልን፣ ባሕር ዳር ላይ በምግቡ ዓምድ አንድ ቃል ብቻ ነበር የጻፍኩት፦ አሳ። ቆሮሶም ይሁን አምባዛ፣ ጥብስም ይሁን ጉላሽ። ይሄ የኔ ድርሻ ነው።

ችግሩ የመጣው ቀኑን ስንቆርጥ ነው። "የካቲት 16 ይሁን፣ ኪዳነ ምሕረት ናት" አለች። የዓመቱ ክብረ በዓል ነው፣ ልክ ናት። ዘንድሮ የካቲት 16 ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር፤ የ2019ኙን በባሕረ ሐሳብ ቆጠርኩት። ፋሲካ ሚያዝያ 24 ነው፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 29 ይገባል። ተመስገን ልል ስል ጾመ ነነዌን አየሁት፤ ከየካቲት 15 እስከ 17። በዓሉ ማክሰኞ ነው፣ ነነዌ መሐል ላይ ቁጭ!

"እማዬ፣ ጥር 16 እናድርገው። የወሩ መታሰቢያዋ ነው፣ ቀኑም እሑድ ነው፣ ጾም የለም" አልኳት።

"ለምን?"

"ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ አሳ ሳይበሉ መምጣት ደስ አይልም ብዬ ነው።"

"ልጄ፣ አሳው የትም አይሄድም" አለች። "ኪዳነ ምሕረት በዓመት አንድ ቀን ናት። እኔ ደግሞ ስንት ዓመት እንዳለኝ አላውቅም።"

ከዚህ በኋላ ምን ይባላል? የካቲት 16 ሆነ።

ለተማሪዬ ስነግረው ሳቀና "ቲቸር፣ ያ የመነኮሳቱ ምግብ እኮ የጾም በየዓይነቱ ማለት ነው" አለኝ። እውነቱን ነው። ልዩነቱ እሱ በፈለገው ቀን ይበላዋል፤ እኛ ጋ ምን እንደምትበላ፣ ቅዳሴው ስንት ሰዓት እንደሚወጣ፣ ባለጀልባው ተሳፋሪ ይብዛበት አይብዛበት የሚወስነው ቀን መቁጠሪያው ነው። ስለዚህ ለኛ አገር ጉዞ ከከተማው በፊት አራተኛ ዓምድ ያስፈልጋል፤ ቀን። እኔም ያንን ጨመርኩና መውጫ አገኘሁ። ነነዌ ረቡዕ ያልቃል፣ ዓርብ ደግሞ ጾም ነው። ሐሙስ የካቲት 18 ግን ነፃ ነው! "ሐሙስ፣ ምሳ፣ አሳ። ከሰዓት ወደ ጎንደር" ብዬ ጻፍኩ።

"መንገዱስ?" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ሰኞ ክፍት የነበረ መንገድ ሐሙስ ሊዘጋ እንደሚችል የላስታ ሰው አይነገረውም። ለዚህ ነው ዕቅዱን በእርሳስ የጻፍኩት። ከመነሳታችን በፊት ለሾፌሮች እደውላለሁ፤ አይሆንም ካሉ አይሆንም፣ እናቴን ይዤ አልዳፈርም። ገንዘቡንም ከአሁኑ በየወሩ ከደመወዜ እየቆነጠርኩ ነው፤ የመምህር ደመወዝ መቼም ታውቁታላችሁ።

መንገዱ ካልሆነ ለምን ታቅዳለህ ያለኝም አለ። ከኮሮና ጀምሮ፣ በ2013 ሐምሌ መጨረሻ ጦርነቱ ከተማችን ድረስ ከገባ ወዲህ ደግሞ በባሰ፣ ላሊበላ ላይ የቀረ እንግዳ ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ። የአስጎብኚዎችና የሆቴል ሠራተኞች ልጆች ክፍሌ ውስጥ አሉ። የደብረ ታቦሩ መኝታ ቤት፣ የዘጌው ባለጀልባም እንደኛው በር በር እያዩ ነው። ሁለት ሰው ብዙ አይደለም፤ ግን ሁለት አልጋና አራት ሰሐን ነው።

አሁን የናንተ ተራ ነው። ደብረ ታቦርና ጎንደር ያላችሁ፣ ደረጃ የሌለው፣ ምድር ቤት ክፍል ያለው ንጹሕ ማረፊያ ጠቁሙኝ። ባሕር ዳር ያላችሁ፣ ጉልበቷ ያመማት እናት ሳትቸገር የምትሳፈርበት ጀልባ የትኛው ነው? ከዘጌ ወደብ እስከ ኡራ ያለው አቀበትስ በዝግታ ምን ያህል ይፈጃል?

አሳውን የት እንደምበላ ግን በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ለእናቴ ፌስቡክ የምታነብላት የእህቴ ልጅ አለች።