ዴንቨር ላይ «ሬጉላር» ስንት ነው?

ከካንሳስ ሲቲ ወደ ዴንቨር የሚወስደው አይ-70 አውራ ጎዳና 600 ማይል ያህል ነው። ግራና ቀኙ እርሻ ነው። መንገዱ ሜዳ ይመስላል፤ ግን ሳይታወቅ ቀስ እያለ ይወጣል። ዴንቨር ስትገቡ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ።

እኔ ከፍታውን ያየሁት ማደያ ውስጥ ነው። ካንሳስ ሲቲ ላይ «ሬጉላር» የተባለው ቤንዚን 87 ነበር። ዴንቨር ላይ ግን ሬጉላሩ 85፣ መካከለኛው 87፣ ፕሪሚየሙ 91 ነው። ስሙ አንድ፣ ቁጥሩ ሌላ!

ቁጥሩ ኦክቴን ይባላል። ብዙ ሰው ቁጥሩ ሲጨምር የቤንዚኑ ጉልበት የሚጨምር ይመስለዋል። አይደለም። ሞተር ውስጥ ፒስተኑ አየርና ቤንዚን አንድ ላይ ይጨምቃል፤ ካንዴላው ደግሞ እሳት ይሰጣል። ቤንዚኑ ተራውን ሳይጠብቅ ከሙቀትና ከግፊት የተነሳ በራሱ ከተቀጣጠለ ሞተሩ ያንኳኳል፤ ሲደጋገም ይጎዳል። ኦክቴኑ ከፍ ያለ ቤንዚን ቶሎ በራሱ አይቀጣጠልም። ታጋሽ ቤንዚን በሉት።

ታዲያ ዴንቨር 85 ለምን ይሸጣል? ከፍ ያለ ቦታ አየሩ ስስ ነው። ሞተሩ የሚስበው አየር ሲያንስ ግፊቱም ይቀንሳል። ካርቡሬተር ለነበራቸው የድሮ መኪኖች 85 ይበቃ ነበር። የዛሬዎቹ የሚታዘዙት በኮምፒውተር ነው። ማንኳኳቱን የምታዳምጥ ትንሽ መሣሪያ አለች፤ እሷ ስትናገር ኮምፒውተሩ የካንዴላውን እሳት ያዘገያል። (ሥራዬ ሶፍትዌር ነው፤ ይህችን መሣሪያ እወዳታለሁ።) ቱርቦ ያላቸው መኪኖች ደግሞ ስሱን አየር መልሰው ያምቁታል። ስለዚህ የብዙ መኪኖች መመሪያ ዴንቨርም ላይ ቢሆን ከ87 አትውረዱ ይላል።

አጎቴ እዚያው አጠገብ፣ አውሮራ ከተማ ይኖራሉ፤ ታክሲ ይነዳሉ። አዲስ አበባም ሹፌር ነበሩ። እዚያ ማደያ የሚጠየቁት «ቤንዚን ነው ናፍጣ?» ብቻ ነበር። እዚህ ሦስት ዓይነት ቤንዚን ሲያዩ ውዱን መረጡ።

«መኪናዋ እንጀራዬ ናት፤ እንዴት ርካሹን ላጠጣት?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እስቲ መጽሐፏን እንይ» አልኳቸው።

የመኪናዋ መመሪያ «87» ይላል። የ87ና የ91 ልዩነት በጋሎን 60 ሳንቲም ቢሆን፣ በሳምንት 40 ጋሎን ለሚቀዳ ሰው 24 ዶላር ነው። በ50 ሳምንት 1,200 ዶላር! ትሪፕል ኤ የተባለው የአሜሪካ አሽከርካሪዎች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2016 ሞክሮ፣ ሬጉላር ለሚበቃው መኪና ፕሪሚየም ጥቅም እንደሌለው አሳውቋል።

አጎቴ መነጽራቸውን አድርገው ገጹን ሁለቴ አነበቡ። «85ቱስ?» አሉ። እሱንም እንዲተዉት ነገርኳቸው። መመሪያው ፕሪሚየም «ግዴታ ነው» ቢል ኖሮ ግን ያለ ክርክር ፕሪሚየም መቅዳት ነበረባቸው።

ከዴንቨር ወደ ምዕራብ ከቀጠላችሁ መንገዱ እስከ አይዘንሃወር ዋሻ ድረስ፣ 3,400 ሜትር ገደማ ይወጣል። ቱርቦ የሌለው መኪና እዚያ ዳገት ላይ ጉልበት ያንሰዋል። ፕሪሚየም ብትቀዱለትም ለውጥ የለውም፤ ያጠረው አየር ነው።