«ዓይኔ» እና «እንደ ዓይኔ»

እናት ልጇን «ዓይኔ» ብላ ስትጠራው ሁሌም ልቤ ይነካል። «እንደ ዓይኔ የምሳሳልህ» ብትለው ተነጻጻሪ ዘይቤ ነው፤ ልጅና ዓይን ተለያይተው ይቆማሉ፣ የሚያገናኛቸው ስስትም በግልጽ ተነግሯል። «ዓይኔ» ግን ተለዋጭ ነው። ልጁ ራሱ ዓይን ሆነ፤ ብርሃኗ ይሁን መመኪያዋ፣ እሱን ሰሚው ይሙላው።

መለያው «እንደ» ብቻ ነው መባሉ አይዋጥልኝም። «እንደ አባቱ ሐኪም ነው» ውስጥ «እንደ» አለ፤ ዘይቤ ግን የለም፣ ሁለት ሐኪሞች እንጂ። «አለንጋ መሳይ ጣት» ደግሞ ያለ «እንደ» ተነጻጻሪ ነው። «መሳይ»ን አውጥታችሁ «አለንጋ ጣት» በሉ፤ ተለዋጭ ሆነ።

ተለዋጭ ይበልጣል የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም፤ አይተን የማናውቀውን መልክ በዓይናችን የሚያቆምልን ብዙ ጊዜ ተነጻጻሪው ነው።