ትንሿ ማድ ቤት

ክረምቱን ለማስተማር ወደ ገጠር የወጣን ተማሪዎች ሦስት ነን። አንድ ቀን የሰፈሩ ልጆች ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ አየን። ምጣዳቸው ቅጠል ነው። እንጀራቸው አፈር ነው። «የእውነቱን የሚመስል ማድ ቤት እንሥራላችሁ» አልናቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የተቀመጥንበትን ቤት እናት ምጣድ ለምነን ደጅ ላይ ለካን። 60 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ለ12 አካፈልነው። የትንሹ ምጣድ ስፋት 5 ሳንቲ ሜትር ሆነ ማለት ነው። ሌላውንም እንዲሁ ለካን።

የሸክላ አፈር በውሃ ለወስን። ብቻውን ይሰነጠቃልና ገል ወቅጠን፣ ነፍተን ቀላቀልንበት። ጀበናውን፣ እንስራውን፣ ድስቱን በጣታችን ሠራን። በለስላሳ የወንዝ ጠጠር አሸናቸው። የመጀመሪያውን ምጣድ ፀሐይ ላይ ብናሰጣው ለሁለት ተሰነጠቀ። ሌሎቹን ጥላ ሥር አደረቅን። ከዚያ በኩበት እሳት ተኮስናቸው። ሌማቷን በስንደዶና በአክርማ ሰፋን። ለእንጀራው ሊጥ ጠፍጥፈን፣ ዓይኑን በእሾህ ወጋን። ግድግዳውን በጭቃ መረግን።

ደስ ብሎን ለእማማ አሳየናቸው። ዞር ዞር ብለው አዩና ሣቁ።

«ልጆቼ፣ ሁሉም አለ። ጥቀርሻው ግን የታለ? ይህ የሙሽራ ቤት ነው እንጂ የኔ ማድ ቤት አይደለም» አሉን።

አፈርን። ወር ሙሉ እንጀራቸውን ስንበላ፣ ማድ ቤታቸው አንድ ቀን እንኳ አልገባንም ነበር። በማግሥቱ ሲጋግሩ ገባን። ወዲያው እያሳልን፣ ዓይናችን እያነባ ወጣን። እሳቸው ግን ሕፃን አዝለው 20 እንጀራ ጋግረው ጨረሱ።

የምድጃ ጭስ ዓይንንና ሳንባን ይጎዳል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደገመተው፣ በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል።

ትንሿን ማድ ቤት አረምናት። የተወቀጠ ከሰል ከጭቃ ጋር ለውሰን ግድግዳዋን እንደገና መረግን። «አሁን የኔን መሰለች» አሉ እማማ። ቀጥለው እርጥቡን ግድግዳ ከጣራው ሥር በጣታቸው በሱት። «እዚህ ጋ ቀዳዳ ቢኖር ጭሱ ይወጣ ነበር» አሉ።

አባወራው ቆመው ያዩ ነበር። ምንም አልተናገሩም። ቅዳሜ ጠዋት ግን ዶማ ይዘው የትልቁን ማድ ቤት ግድግዳ በሁለት በኩል ከፈቱ። ጭሱ ጨርሶ አልጠፋም። ቢሆንም እማማ አሁን ሲጋግሩ ከሕፃኑ ጋር ያወራሉ።

እናንተም ለልጆቻችሁ ሥሩ። አፈሩም ገሉም በደጃችሁ አለ። ከመሥራታችሁ በፊት ግን ማድ ቤት ግቡና ቆዩ።