የመኪናዬ ጭረት

ይህች ገጽ ስለ ምርጫ፣ ስለ ሕገ መንግሥትና ስለ በጀት ስታወጋችሁ ስለኖረች፣ ዛሬ ስለ መኪና ቀለም ልጽፍ መነሣቴ ሳያስገርማችሁ አይቀርም። ዝገቱን መንግሥት፣ ቀለሙን ፕሮፓጋንዳ አድርጋችሁ ሰምና ወርቅ ለመፍታት የምትቸኩሉም እንደማትጠፉ ዐውቃለሁ። እባካችሁ ለዛሬ ዝገቱ ዝገት፣ ቀለሙም ቀለም ይሁን።

ነገሩ የሆነው በኅዳር 2012 ዓ.ም. ነው። በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ብሔርን መሠረት ያደረገ ግጭት ተነሥቶ ተማሪዎች ሻንጣቸውን እየያዙ ወደየቤታቸው የተመለሱበት ወቅት እንደነበር ታስታውሳላችሁ። እኔ የማስተምርበት ግቢ አልተናወጠም ነበር፤ ቢያንስ እስከዚያች ዓርብ ድረስ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ክፍለ ጊዜዬን ጨርሼ ስወጣ ነጯ ኮሮላዬ በግራ የኋላ በሯ ላይ በምስማር ተጽፎባት አገኘኋት። አንዲት ቃል ናት፤ አራት ፊደል። እዚህ አልደግማትም። የተወለድሁበትን አካባቢ ሰዎች ለማዋረድ የምትነገር ስድብ መሆኗን ብቻ ልንገራችሁ። ጸሐፊው ፊደል አልገደፈም፤ የእጅ ጽሑፉም መልካም ነበር። መምህር ነኝና ይህን ሳላስተውል አላለፍሁም።

ለግቢው ጥበቃ አመለከትሁ። መዝገቡ ላይ የሰፈረው «በተሽከርካሪ ላይ የደረሰ መለስተኛ ጭረት» የሚል ነው።

ባትላሜራ ቤት ልወስዳት አሰብሁ። ሠራተኞቹ ቃሏን ሲያነቡ፣ አንብበውም ቀና ብለው ፊቴን ሲያዩ ታየኝና ተውሁት። ይበልጥ ያስጨነቀችኝ ግን ልጄ ነበረች። በዚያ ዓመት አንደኛ ክፍል ገብታ ማንበብ የለመደች፣ ከሱቅ ማስታወቂያ እስከ ታክሲ ጥቅስ ያገኘችውን ሁሉ ጮክ ብላ ካላነበበች የማታልፍ ልጅ ናት። መኪናዋን በግራ በኩል ከአጥሩ ጋር አጣብቄ አቆምሁና፣ በመሸ ሰዓት ከአንድ ሱቅ ነጭ ቀለም በትንሽ ቆርቆሮ ገዝቼ በባትሪ ብርሃን ፊደላቱን ሞላኋቸው።

ጧት ወጥቼ ሳይ ደነገጥሁ። ለካ የመኪናዬ ነጭ በፀሐይ ብዛት ቢጫ ቢጫ ብሏል፤ የገዛሁት ነጭ ደግሞ ወደ ሰማያዊ ያዘነብላል። ምስማር በቀጭኑ የጻፈውን እኔ በቡሩሽ አድምቄ ጽፌዋለሁ። ከመንገድ ማዶ ይነበባል።

አዲስ አበባ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ቀለም ቀቢ ወደነበሩት የባለቤቴ አጎት ደወልሁ። ምን እንደተጻፈ አልነገርኋቸውም፤ ልጆች ጫሩብኝ አልኋቸው። «ነጭ አንድ ብቻ መሰለህ እንዴ፣ ዶክተር?» ብለው ሣቁብኝ። ከኮፈኑ ሥር ባለችው ሰሌዳ ላይ የቀለሙ ቁጥር እንዳለ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው፤ የእኔዋ 040 ትላለች፣ ቶዮታ ሱፐር ዋይት ሁለት የሚለው ነጭ። «አሁን ጥፍርህን በጭረቱ ላይ አሳልፈው። ካልያዘህ ፖሊሽ ይበቃዋል። ከያዘህ ጠልቋል። ብረቱ ከታየህ ግን መጀመሪያ ፀረ ዝገት ሳታስነካው ቀለም እንዳትቀባበት፤ ከሥር እየበላ ቀለሙን አሳብጦ ያወጣዋል።» ጥፍሬን በአራቱም ፊደላት ላይ አሳለፍሁ። በአራቱም ያዘኝ። በሦስተኛው ላይ ብረቱ ያበራል፤ ልጁ እዚያ ላይ ተጭኖ ነበር።

ገና ያልጠነከረውን የራሴን ቀለም ቲነር በነካ ጨርቅ ፈጥኜ ጠረግሁ፤ በሩን በሳሙና አጠብሁ፣ በአልኮልም አጸዳሁ። ቀጥሎ የየፊደሉን ጠርዝ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ነው። እዚህ ላይ ችኮላ አይበጅም፤ ከፋብሪካ የወጣ የመኪና ቀለም ድርብርቡ ሁሉ ተደምሮ ውፍረቱ የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ነውና፣ ትንሽ ከበረታችሁ ጤነኛውን ቀለም አልፋችሁ ብረት ላይ ትደርሳላችሁ። ሁለቱን ፊደላት እንዳለሰለስሁ ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ። ልጄ በሌሊት ልብሷ ቆማ የቀሩትን ሁለቱን አነበበች። ሁለቱ ብቻቸውን ትርጉም የላቸውም።

«አባዬ፣ ምን እየጻፍክ ነው?»

«እየጻፍሁ አይደለም፤ እያጠፋሁ ነው።»

«ማን ጻፈው?»

«አንድ ተማሪ።»

«ተሳስቶ ነው?»

«አዎን፣ ተሳስቶ ነው» አልኋት። እርሷም ስትሳሳት በላጲስ ስለምታጠፋ ነገሩ ገባትና የብርጭቆ ወረቀት ቈርጬ እንድሰጣት ጠየቀችኝ። የመጨረሻዋን ፊደል ያጠፋችው እርሷ ናት። ከሚገባው በላይ ፈገፈገችው፤ ዝም አልኋት።

የቀረውን ባጭሩ ልጨርሰው። ብረቱ የታየበትን ፀረ ዝገት አስነክቼ፣ በቁጥሩ የተበጠበጠውን ነጭ በክብሪት እንጨት ጫፍ እየነከርሁ፣ እያደረቅሁም፣ በስስ በስሱ ከበሩ ገጽ ጥቂት ከፍ እስኪል ደራረብሁት። ሳምንት ቆይቼ ቁጥር 2000 ወረቀት በውኃ እያራስሁ አስተካከልሁት፤ ከዚያ ፖሊሽ። ጨርቁ ነጭ ይዞ ቢነሣ አትደንግጡ፤ እንዲህ ባሉ አሮጌ መኪኖች ላይ ብዙ ጊዜ ከቀለሙ በላይ የተደረበ ሌላ ሽፋን የለም።

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ፣ በመምህር ደመወዝ ሌላ መኪና የመግዛት ሐሳቤን ትቼዋለሁ። ኮሮላዋ አብራን አለች። ቀን ላይ ምንም አይታይባትም። አመሻሽ ላይ ግን ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል የአራቱ ፊደላት ቅርጽ በሩ ላይ ብቅ ይላል፤ ባለቤቴ አይታየኝም ትላለች። ልጄ ዛሬ ሰባተኛ ክፍል ናት። ጠይቃኝ አታውቅም። ትምህርት ቤት ሳደርሳት የምትገባው በዚያው በር ነው።

ቸር እንሰንብት።