የወደቀው ልጅ የት ያድራል?

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። አብሯችሁ የሚኖር ሰው ዝም ብሏችሁ ያውቃል? ኩርፊያ ማለቴ አይደለም። ኩርፊያ መላ አለው፤ ቡና ይፈላል፣ ሽማግሌ ይገባል፣ ይታረቃል። እኔ የምላችሁ ሰላም ስትሉት ሰላም የሚል፣ ብላ ስትሉት የሚበላ፣ ከዚያ ውጪ ግን አንዲት ቃል የማይወጣውን ሰው ነው።

እኛ ቤት እንዲህ ያለው ዝምታ የገባው በጥር 2015 ዓ.ም. ነው። ታናሽ ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ድረስ ሄዶ የተፈተነው የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት የወጣ ሰሞን። ታስታውሱ እንደሆነ፣ በዚያ ዙር ከተፈተኑት መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። አገሩ ሁሉ ስለ ቁጥሩ ሲያወራ ከረመ። እኛ ቤት ግን ቁጥር ያነሳ ሰው አልነበረም። ወንድሜ ከክፍሉ ብቅ ብሎ «አላለፍኩም» አለና ተመልሶ ገባ። ስንት እንዳመጣ አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነውም። አለመጠየቃችን ለእሱ ማሰባችን መስሎን ነበር።

እኔ ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ማርኬቲንግ ኦፊሰር ነኝ። እንጀራዬ ዘመቻ ማቀድ ነው። ለማን እንደምንናገር እንለያለን፣ ምን እንዲሰማው እንደምንፈልግ እንጽፋለን፣ በጀትና ቀን እንቆርጣለን። የወንድሜንም ዝምታ እንደ አንድ ዘመቻ ያዝኩት። አጫጭር ኮርሶች አፈላለግኩለት። ወድቀው ስለተነሱ ሰዎች የሚያወሩ ቪዲዮዎች ላኩለት። አንድ ቅዳሜ ምሳ ጋብዤው ለአንድ ሰዓት ያህል መከርኩት። ሁሉንም «እሺ» ብሎ ተቀበለኝ። ከእሺው ቀጥሎ ግን ምንም አልመጣም።

ለፋሲካ የአክስታችን ልጅ ከአሜሪካ መጣች። ሻንጣዋ ሲፈታ ከሽቶውና ከቪታሚኑ መሃል አንድ ወፍራም መጽሐፍና በትንሽ ከረጢት የታሰሩ 7 ዳይሶች ወጡ። እንደ ሉዶው ባለ 6 ገጽ አንድ ብቻ ነው። የቀሩት ባለ 4፣ ባለ 8፣ ባለ 12፣ ባለ 20 እና ሁለት ባለ 10 ናቸው። «ለእሱ ነው ያመጣሁት» አለችኝ በጆሮዬ።

ጨዋታው ዳንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ ይባላል። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት ነው። ሰሌዳም ሆነ ካርታ የግድ አያስፈልገውም። ተረትን ከሉዶ ጋር ያጋባችሁት እንደሆነ አስቡት። አንድ ሰው ተራኪ ይሆናል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባህሪ ይይዛሉ። ተራኪው «በሩ ተቆልፏል፤ ከኋላችሁ የእግር ኮቴ ይሰማል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። እነሱ ይወስናሉ። ሊሳካም ላይሳካም የሚችል ነገር ከሆነ ባለ 20ው ዳይስ ይጣላል። አንድ ታሪክ ለወራት ሊቀጥል ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ረጅም ታሪክ ተጫዋቾቹ «ካምፔይን» ይሉታል። በእኛ ቋንቋ ዘመቻ መሆኑ ነው። ስሰማው ሳቄ መጣ።

መጽሐፉ ደግሞ ስትሪክስሄቨን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ፣ ስለ አንድ የምትሃት ዩኒቨርሲቲ የሚናገር መጽሐፍ ነው። ዩኒቨርሲቲው አምስት ኮሌጆች አሉት፤ አንዱ ታሪክ፣ አንዱ ሒሳብ፣ አንዱ ኪነ ጥበብ፣ አንዱ የቃል ኃይል፣ አንዱ ሕይወትና ሞት የሚጠናበት። ተጫዋቾቹ አራት ዓመት ተምረው ይመረቃሉ።

እናቴ «ምትሃት» የምትለውን ቃል ስትሰማ ድስቱን አስቀመጠችው። «ምን ልታስተምሪያቸው ነው? ድግምት?» አለችኝ። ብዙዎቻችሁ ይህንኑ እንደምትሉ አውቃለሁ። አሜሪካ ውስጥም በ1980ዎቹ ይህ ጨዋታ ልጆቻችንን ወደ ሰይጣን አምልኮ ይወስዳል ብለው የተንቀጠቀጡ ወላጆች ነበሩ። እናቴን በክርክር አላሳመንኳትም። «ሳሎን ነው የምንጫወተው፤ የጓዳው በር ይከፈት፤ ያልወደድሽውን ስትሰሚ አስቁሚን» አልኳት። ተስማማች።

ወንድሜ መጽሐፉን በሁለት ቀን ጨረሰው። በሦስተኛው ቀን ክፍሌ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ይሄ ትምህርት ቤት የውሸት ነው» አለኝ።

«እንዴት?»

«ፈተና ያለፈ ተጨማሪ ዳይስ ይሸለማል። የወደቀ ምንም አይሆንም። መውደቅ የሌለበት ትምህርት ቤት የት አለ? አንቺ ሌላ አዘጋጂ፤ አደገኛ ይሁን። ደግሞ እንዳታዝኚልን።»

በሦስት ወር ውስጥ ይህን ያህል ተናግሮ አያውቅም። እኔም ማቀድ ጀመርኩ።

ስጀምር አደገኛ ማለት ብዙ ጭራቅ ማለት ይመስለኝ ነበር። አይደለም። በጨዋታው ሕግ ኃይሉ ተሟጦ የወደቀ ገጸ ባህሪ በየተራው ባለ 20ውን ይጥላል። 10ና ከዚያ በላይ ከወጣለት ለእሱ ይቆጠራል፤ ከ10 በታች ከሆነ ይቆጠርበታል። ሦስት ጊዜ ቀድሞ ከተቆጠረለት ይተርፋል፤ ሦስት ጊዜ ቀድሞ ከተቆጠረበት ይሞታል። ሕጉ ይኼው ነው። ሞት አንድ ዳይስ መጣል ነው፤ ማንም አያለቅስም፤ ተጫዋቹ ሌላ ገጸ ባህሪ ይዞ ይመለሳል። ሰው የሚፈራው የሚወደውን ነገር ማጣት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚወዱት ነገር እንዲኖራቸው ማድረግ ነበረብኝ፤ የራሳቸው መኝታ ክፍል፣ የሚቀልድ ምግብ አብሳይ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስም።

ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት ሁላችንም ተቀምጠን ተነጋገርን። ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ይህን ቀን «ሴሽን ዜሮ» ይሉታል። ምን ያስፈራን፣ ምን ደግሞ ጭራሽ አይነሳ? የጎረቤታችን የ14 ዓመት ልጅ «እናት የምትሞትበት ታሪክ አልፈልግም» አለች። ጻፍነው። የአጎቴ ልጅ «ጨለማ ይኑር፤ እባብ ግን አይኑር» አለ፤ እሱንም ጻፍነው። ወንድሜ ምንም አላለም። ጠረጴዛው መሃል ላይ ኤክስ የተጻፈባት ካርድ አስቀመጥን። የጨነቀው ሰው ካርዷን ይነካል፤ ማንም ለምን ብሎ ሳይጠይቅ ታሪኩ አቅጣጫ ይቀይራል። ይህች ዘዴ ጆን ስታቭሮፑሎስ የተባለ ሰው ያዘጋጃት ናት፤ በብዙ አገር ይጠቀሙባታል።

ሌላው የተማርኩት ነገር አደጋ አስቀድሞ መታየት እንዳለበት ነው። ሳያውቁት የመጣ አደጋ አያስፈራም፤ ያናድዳል እንጂ። ትምህርት ቤቱን «ሰባት ደወል» ብዬ ሰየምኩትና ተራራ ላይ አስቀመጥኩት። ስድስቱ ደወሎች ለትምህርት፣ ለምግብ፣ ለመኝታ ይደወላሉ። ሰባተኛው የሚደወለው አንድ ተማሪ ፈተና ሲወድቅ ነው። ያን ጊዜ ስሙ ከሁሉም ሰው አእምሮ ይጠፋና ከበር ውጪ ይደረጋል። ገና በመጀመሪያው ቀን መኝታ ክፍላቸው ውስጥ የማን እንደሆነ ማንም የማያውቀው ባዶ አልጋ አሳየኋቸው። ፀጥ አሉ። በሐሳቤ ኮራሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከየት እንዳመጣሁት አላስተዋልኩም ነበር።

ግንቦት ላይ ጀመርን፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት። የጎረቤታችን ልጅ ጤናአዳም የምትባል ፈዋሽ ሆነች። የአጎቴ ልጅ ኮከብ የሚባል ሌሊት የማይተኛ ልጅ ሆነ። ወንድሜ መብረቁ የሚባል፣ ከገጠር መጥቶ ነጻ የትምህርት ዕድል ያገኘ ተማሪ። ለሦስት ቅዳሜ ድግምት ተማሩ፣ ከቤተ መጻሕፍት ቁልፍ ሰረቁ፣ ሳቁ። እናቴ ከጓዳ እየሰማች ሽንኩርት ትከትፋለች። በሁለተኛው ሳምንት «ይሄማ ተረት ነው» ብላ ፈረደች።

በአራተኛው ቅዳሜ ፈተናው ደረሰ። ለማለፍ 15 ያስፈልጋል። ቁጥሩን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ከፊቴ ባቆምኩት ፋይል ጀርባ ተጽፏል። ጤናአዳም አለፈች። ኮከብ ለጥቂት አለፈ። ወንድሜ ዳይሱን በእጁ ሲያሽ ቆየና ጣለው። 4። በመብረቁ ችሎታ የሚጨመርለት 5 ነው። ድምሩ 9።

ቀና ብሎ አየኝ። ይበቃል ብል ማንም አያውቅም ነበር። ግን «እንዳታዝኚልን» ብሎኛል፤ ደግሞም ለአራት ወር ስናዝንለት ምን እንዳተረፍን አይቻለሁ።

«አይበቃም» አልኩት።

ከዚያ ያዘጋጀሁትን ማንበብ ጀመርኩ። «ሰባተኛው ደወል ይደወላል። ጓደኞችህ ያዩሃል፤ ግን ስምህን አያስታውሱም። ስለ አንተ የሚጠይቅ የለም። በሩ ይዘጋል።» እያነበብኩ የገዛ ድምፄን ሰማሁት። ስለ አንተ የሚጠይቅ የለም። የጻፍኩት የእኛን ቤት ነበር። የምትሃት ትምህርት ቤት አቀድኩ ብዬ፣ ለወንድሜ ያንኑ የጥር ቀን ደግሜ አዘጋጅቼለታለሁ። እጄ ወደ ኤክሷ ካርድ ሄደ። ካርዷ ለተራኪም ትሠራለች።

ከመድረሱ በፊት እናቴ ከጓዳ ተጣራች። «እና ልጁ የት ሊያድር ነው?»

ሁላችንም ዞርን። ሽንኩርት የያዘ እጇን በሽርጧ እየጠረገች በሩ ላይ ቆማለች። «በጨለማ አባረራችሁት። እራትም አልበላም። የት ነው የሚያድረው?»

መጀመሪያ የጎረቤታችን ልጅ በሳቅ ፈነዳች። ከዚያ ወንድሜም ሳቀ፤ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ። ሲያቆም ወደ እኔ ዞሮ «እውነቷን ነው፤ የት ነው የማድረው?» አለኝ።

ሃያ ገጽ እቅድ ነበረኝ። ስለ ደወሉ፣ ስለ መምህራኑ፣ ስለ ምድር ቤቱ። ከበሩ ውጪ ስላለው ነገር ግን አንድ መስመር አልጻፍኩም። ለእኔም ለትምህርት ቤቱም ታሪኩ እዚያ አልቋል። «የሚቀጥለው ቅዳሜ እነግርሃለሁ» አልኩት።

በዚያ ሳምንት ማታ ማታ አዲስ እቅድ ሠራሁ። ከተራራው ግርጌ ከተማ አለ። የሚኖሩበት በሰባተኛው ደወል የወጡት ሁሉ ናቸው፤ መብራት የሚለኩሱ፣ ዳቦ የሚጋግሩ፣ የደወሉን ገመድ የሚገምዱ። ትምህርት ቤቱ ያለ እነሱ አንድ ቀን አያድርም፤ ግን አያስታውሳቸውም። እነሱ ደግሞ እንዳይረሱት ስማቸውን በከሰል ግድግዳ ላይ ይጽፋሉ። መብረቁ ሲደርስ አንዲት አሮጊት በር ከፍታ ሾርባ ትሰጠዋለች፤ ከዚያ ከሰል ታቀብለውና «ስምህን ጻፍ» ትለዋለች። ጨዋታው የእውነት አደገኛ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም አሁን ሁለቱ ውስጥ ናቸው፣ አንዱ ውጪ፤ ሦስቱም ደወሉን ማስቆም ይፈልጋሉ።

ያን ቅዳሜ ልጆቹ ሲሄዱ ስኒ እያጠብን ወንድሜ «ስንት እንዳመጣሁ ታውቂያለሽ?» አለኝ።

«አላውቅም።»

«አልጠየቅሽኝማ።»

«ስንት አመጣህ?»

ነገረኝ። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም፤ የእሱ ነው። በማግስቱ ለእናታችንም ነገራት። ጥቂት ዝም አለችና «ቁርስ በልተሃል?» አለችው። ዓመቱ ሳያልቅ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ለኤሌክትሪክ ትምህርት ተመዘገበ። ያስመዘገበው ዳይሱ ነው አልላችሁም፤ ራሱ ነው የመረጠው። ለመምረጥ ግን መጀመሪያ ውጤቱን ጮክ ብሎ ማለት ነበረበት።

እናንተም ልትሞክሩት ካሰባችሁ ብዙ አያስወጣም። የጨዋታው መሠረታዊ ሕግ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል፤ ዳይሱን የሚተካ የስልክ አፕሊኬሽን አለ፤ ከዚያ እርሳስና ወረቀት ይበቃል። ለትንንሾቹ ሞት ባይኖርበት ይሻላል። ከፍ ላሉት ግን አደጋውን አትቀንሱባቸው፤ ያውቁባችኋል። አስቀድማችሁ ጠይቋቸው፣ አደጋውን አሳዩዋቸው፣ ዳይሱ ያለውን አክብሩ።

ሌላ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ስታቅዱ ለሚያልፈው ልጅ ብቻ አትጻፉ። አንድ ገጽ ከበሩ ውጪ ላለው አስቀሩ፤ የት እንደሚያድር፣ ማን ሾርባ እንደሚሰጠው፣ ስሙን ማን እንደሚጠይቀው። እኔ ያንን ገጽ የጻፍኩት አራት ወር ዘግይቼ ነው።