የአድናቂዎች ሥዕልና ወሰኑ

አንድ ገጸ ባሕርይ ከደራሲው እጅ ከወጣ በኋላ የደራሲው ብቻ ሆኖ አይኖርም። ተመልካቹ ወደ ቤቱ ይዞት ይሄዳል፤ በምናቡ ያናግረዋል፣ ይድረዋል፣ ከጠላቱ ጋር ያስታርቀዋል፤ ብሩሽ የሚይዝ ከሆነም ይሥለዋል። የወደደውን ገጸ ባሕርይ ከነእርቃኑ የሚሥል አድናቂም ጥቂት አይደለም። ነገሩን ነውር ነው ብሎ በአንድ ቃል መዝጋት ይቻላል። ይሁንና እነዚህ ሥዕሎች በሚታዩባቸው የኢንተርኔት ማኅበራት ውስጥ ወሰኑ ከምን ላይ ይሰመር? የሚለው ጥያቄ እንዲህ በቀላሉ የሚዘጋ አይደለም።

በብዙ ስፍራ ወሰኑ የተሰመረው በገላ ላይ ነው። ታምብለር የተባለው የአሜሪካ ድረ ገጽ ለዓመታት የአድናቂ ሠዓሊዎች መሰባሰቢያ ሆኖ ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 17 ቀን 2018 ጀምሮ የሴት የጡት ጫፍ የሚታይበትን ፎቶግራፍና ሩካቤ ሥጋን የሚያሳይ ሥዕልን ከለከለ። ደንቡ ሐውልትንና በእጅ የተሣለ እርቃንን ይምር ነበር። ነገር ግን ምርመራው ለኮምፒዩተር በመተዉ አንዳች ነውር የሌለባቸው ሥዕሎች ጭምር ታገዱ። በ2022 እርቃን እንደገና ሲፈቀድ ብዙዎቹ ሠዓሊዎች ቀድመው ተበታትነው ነበር።

ጃፓን ውስጥ ደግሞ ኮሚኬት የሚባል የአድናቂዎች የመጽሔት ገበያ አለ። በ1975 ቶኪዮ ላይ ሲጀመር 32 ቡድኖችና 700 ያህል ጎብኚዎች ነበሩት፤ በ2019 መጨረሻ በአራት ቀን ውስጥ 750 ሺህ ያህል ሰው ጎበኘው። እዚያ ለሽያጭ የሚቀርበው እትም ናሙናው አስቀድሞ ይመረመራል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 175 ጸያፍ ሥዕል ማሰራጨትን ስለሚከለክል ኀፍረተ ሥጋ በጥቁር መስመር ይሸፈናል። ጥቁሩ መስመር ግን የተሣለችው ማን እንደሆነች፣ ዕድሜዋም ስንት እንደሆነ አይጠይቅም። አገሪቱ በ2014 የሕፃናትን የወሲብ ምስል ይዞ መገኘትን በሕግ ስትከለክል እንኳ በእጅ የተሣለው ከሕጉ ውጭ ቀርቷል።

ለዚህ የሚቆሙ ሰዎች ሁለት መከራከሪያ ያቀርባሉ። አንደኛው፣ በሥዕሉ የተጎዳ ሕፃን የለም የሚል ነው። ፍርድ ቤት በዚህ ሊያመነታ ይችል ይሆናል፤ የአድናቂዎች ማኅበር ግን ፍርድ ቤት አይደለም፤ በግድግዳው ላይ የሚሰቅለውን የሚመርጥ ባለቤት ነው። በዚያ ግድግዳ ሥር ደግሞ ካርቱኑን የሚወዱ ልጆች ራሳቸው ቆመዋል። ሁለተኛው መከራከሪያ፣ ልጅ የምትመስለው ገጸ ባሕርይ በታሪኩ ውስጥ የሺህ ዓመት ዕድሜ አላት የሚል ነው። ይህን ስሰማ ሳቄ ይመጣል። ለመድረክ የሚጽፍ ሰው እንደሚያውቀው፣ በጽሑፉ ላይ «ሽማግሌ» ብዬ ባስቀምጥና የአሥር ዓመት ልጅ ወደ መድረክ ቢወጣ፣ ተመልካቹ የሚያየው ልጅ ነው። ዕድሜን የሚወስነው ዓይን የሚያየው ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ወሰን እዚህ ላይ ይሰመር፤ ድርድርም አይግባበት።

ሁለተኛው ወሰን የሕያው ሰው ፊት ነው። በዚህ ረገድ ከራሴ ሙያ የማውቀው ነገር አለ። በአንድ ተውኔቴ ውስጥ ንግሥት ሆና የተጫወተች ተዋናይት ነበረች፤ ቀን ቀን ታስተምራለች። አንድ ወጣት ሠዓሊ ንግሥቲቱን ከወገቧ በላይ ዕራቁቷን ሥሎ አሰራጨ። ሥዕሉ በተማሪዎቿ እጅ ገባ። እኔ የተቆጣሁት ስለ ገጸ ባሕርይዋ ነበር። ተዋናይቷ ግን ንግሥቲቱ የፈለገችውን ትሁን አለች፤ የከፋት በዚያ አንገት ላይ የእርሷ ፊት መቀመጡ ነበር። ንግሥቲቱ በእኔ ቀለም የተፈጠረች ናት፤ ሀፍረት አይሰማትም። ተዋናይቷ ግን በማግስቱ ጠመኔ ይዛ ክፍል መግባት ነበረባት።

ከእነዚህ ሁለት ወሰኖች ውጭ የቀረውን፣ ያደገ ገጸ ባሕርይ ስለ ፍቅርና ስለ ገላው የሚሣለውን፣ በር ይበጅለትና በበሩ ላይ ምን እንዳለ ይጻፍ እላለሁ። ሳይፈልግ የሚያየው እንዳይኖር ይህ ይበቃል። ኮምፒዩተር ጡት ሲቆጥር ከሚውል፣ ሠዓሊውን የሚያውቅ ሰው ቢያናግረው ይሻላል።

ያን ወጣት ያነጋገርነው በዚሁ መንገድ ነው። ፊቱን ለውጦ እንደገና ሣለው፤ ንግሥቲቱ እንደ ቀድሞዋ ዕርቃኗን ቀረች። ተዋናይቷ አዲሱን ሥዕል አይታ ዘውዱ ተጣሟል ብላ ብቻ መለሰችለት።